የእናቴ እንቅርት «ደረጃ 2» ነው ወይስ «3»? ወረቀቶቹ ግራ አጋቡኝ

የደብረ ታቦሯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እንቅርት ካወጣች ዘመን የለውም። አያቴም አክስቶቼም ስለነበረባቸው ማንም እንደ በሽታ አይቆጥረውም። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ካርዷ ላይ «እንቅርት፣ ደረጃ 2» ተባለ። አዲስ አበባ አምጥቼ አልትራሳውንድ ስትነሳ ደግሞ ወረቀቱ «ቲራድስ 3፣ በቀኝ በኩል 1.8 ሳንቲ ሜትር» ይላል። በደም ምርመራው ቲኤስኤች (የአንገት ዕጢዋ፣ የታይሮይድ፣ ሥራ የሚታይበት) 1.6 ነው። ከ2 ወደ 3 ባሰባት ማለት ነው? ጎረቤታችን «3 ከሆነማ ካንሰር ነው» ብላ እናቴን እንቅልፍ ነስታታለች። የሐኪም ቀጠሯችን ገና ነው።

ጤና መኮንኑ፦
እህቴ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። የጤና ጣቢያው 2 የሚናገረው ስለ እንቅርቱ መጠን ነው፣ የአልትራሳውንዱ 3 (ቲራድስ) ደግሞ እባጩ ለካንሰር ምን ያህል እንደሚያጠራጥር። የባሰ ነገር የለም።

ጤና ጣቢያው የተጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅትን አመዳደብ ነው። የሚፈልገው ዓይንና ጣት ብቻ ነው። ታካሚዋ አንገቷን ሳታቀና እንደ ወትሮዋ ትቀመጣለች። እብጠቱ እንዲሁ ከታየ ደረጃ 2 ነው። ካልታየ ይዳሰሳል። ምራቋን ዋጥ ስታደርግ ታይሮይድ ከሆነ ወደ ላይ ከፍ ይላል። አንዱ ጎን ከአውራ ጣቷ የላይኛው አንጓ ከበለጠ አድጓል ይባላል፣ ይህ ደረጃ 1 ነው። ልብ በይ፣ የሚለካው በታካሚዋ ጣት ነው እንጂ በመርማሪው አይደለም። ለልጅም የልጁ ጣት ነው መለኪያው። ካልታየም ካልተዳሰሰም 0።

በፊት ደረጃ 3 የሚባልም ነበር፣ ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ እንቅርት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አመዳደቡ ሲቀል ቀረ። ይህ አመዳደብ በዋናነት የታሰበው አንድ አካባቢ አዮዲን ምን ያህል እንዳጠረው ለማጥናት ነው። ስለ ካንሰርም ስለ ሆርሞንም አይናገርም። ሆርሞኑን የሚነግርሽ ቲኤስኤች ነው፣ 1.6 ደግሞ ጤነኛ ነው።

አልትራሳውንድ ክፍል ነኝ፦
ቲራድስን እኔ ልመልስ። ከ1 እስከ 5 ነው። ውስጡ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነው ወይስ የተሸረካከተ፣ ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል ወይ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው ወይ እያልን ነጥብ እንሰጣለን። 3 «ጥርጣሬው አነስተኛ» ማለት ነው። እንዲህ ከሚባሉት 100 እባጮች ካንሰር ሆነው የሚገኙት ከ5 በታች ናቸው። በአሜሪካው መመሪያ 3 የሆነ እባጭ በመርፌ ናሙና የሚወሰድለት 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ከ1.5 ጀምሮ ያለው ክትትል ይደረግለታል። የእናትሽ 1.8 እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ይደገማል። 4 ቢሆን ኖሮ በ1.5፣ 5 ቢሆን በ1 ሳንቲ ሜትር ይወጋ ነበር።

ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ጎን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት መጻፉን እዪ። ሦስቱን በሳንቲ ሜትር አባዝተሽ በ0.52 ስታባዢው የአንዱ ጎን መጠን በሚሊ ሊትር ይወጣል። የሁለቱ ድምር ለሴት ከ18፣ ለወንድ ከ25 ከበለጠ አድጓል እንላለን።

አንድ ቀን የመርፌ ናሙና ቢታዘዝ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል፣ የናሙናው ውጤት የሚመደብበት ቤቴስዳ የሚባል፣ ከ1 እስከ 6። እዚያ 2 የምሥራች ነው፣ 1 ግን «ናሙናው አልበቃም» ማለት ነው። (ቁጥሮቹን ማን እንዲህ እንዳደበላለቃቸው እኔም ይገርመኛል።)

እማማ ዘነቡ፦
ልጄ፣ የጎረቤትሽ ነገር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ እናትሽን ከወሬ አርቂያት። እኛ ዘንድ ሴቱ አንገቱን የሚነቀሰው ለውበት ብቻ መሰለሽ? እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነበር። አሁን መድኃኒቱ አዮዲን ነው። ጨዉን ቀይሩ፣ ጠብታም ግዢላት።

ጤና መኮንኑ፦
እማማ፣ ጨዉን እስማማለሁ፣ ጠብታዉን ግን ተዉት። ለዘመናት የቆየና እባጭ ያበጀ እንቅርት ላይ ብዙ አዮዲን ሲጨመር ዕጢው ሆርሞን ከመጠን በላይ ሊያመርት ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። አዮዲን ያለው ጨው ግን ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች። የእናትሽን ያረጀ እንቅርት ያከስመዋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

የደብረ ታቦሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ። አንድ ነገር ረስቼ፣ በጀርባዋ ስትተኛ ያፍነኛል ትላለች። እሱስ?

ጤና መኮንኑ፦
ይህ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከደረት አጥንት ኋላ የወረደ እንቅርት ከላይ ትንሽ መስሎ የአየር ቧንቧን ሊጫን ይችላል። ሐኪሙ ሁለቱን እጆቿን ከጆሮዋ ጋር ሽቅብ አስነስቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሊያያት ይችላል። ፊቷ ከቀላ ወይ ትንፋሽ ካጠራት ወደ ደረት ወርዷል ብሎ ይጠረጥራል። ቀጠሮው እንዲቀርብላችሁ ጠይቂ። ድምፅዋ ከጎረነነ፣ እብጠቱ በአጭር ጊዜ ካደገ ወይም ቁጭ ብላም ካፈናት ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃት። ሲቲ ስካን ከታዘዘላት በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ አዮዲን አለው፣ እንቅርት እንዳለባት አስቀድመሽ ንገሪያቸው።