«ምእመን የለም፣ ደንበኛ ነው ያለው»

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ። ባለፈው እሁድ ያደግኩበት ቸርች ሄጄ ነበር። ሰባኪው መሃል ላይ ቆም አለና «አሁን እኮ ምእመን የለም፣ ደንበኛ ነው ያለው። እዚህ መዝሙሩ አልጣመኝም ብሎ ወደዚያ፣ እዚያ ስብከቱ ረዘመብኝ ብሎ ወደዚህ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሜን ያሉም ነበሩ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

የተባልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ግን መዝሙር አልጣመኝ ብሎ አይደለም። ለሕንፃ ያዋጣነው ገንዘብ የት ደረሰ ብዬ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኩ። «የጥርጣሬ መንፈስ ነው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ነቢይ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አንድ እሁድ መካነ ኢየሱስ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ነጠላዬን አጣፍቼ ከአክስቴ ጋር ቅዳሴ ቆምኩ። ካቶሊክም ገብቼ አይቻለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ደንበኛ ነኝ?

የሆሳዕና ልጅ፦
እህቴ፣ ገንዘቡን መጠየቅሽ ልክ ነው። እሱ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ሰባኪው ያለው ግን እውነት ነው። ጣልያን ሚሲዮኖቹን ሲያስወጣ ወላይታ ላይ የተጠመቁት ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ኪቦርድ የላቸው፣ ድምፅ ማጉያ የላቸው። ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮኖቹ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። እነዚያ ሰዎች ቢያማርጡ ኖሮ ዛሬ ቃለ ሕይወት የሚባል ባልኖረ።

ጠያቂዋ፦
እነዚያ ሰዎች ከማን ቤት ወጥተው ነው? የአባቶቻቸውን እምነት ትተው አይደል? ያኔ ሰፈሩ ምን ብሎ ሰደባቸው?

የሆሳዕና ልጅ፦
እነሱ ከጨለማ ወደ ብርሃን ነው የወጡት። አንቺ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ነው።

ዘየካ፦
«ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ»! እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ እኛ ብንለው ስድብ ይሆን ነበር። ችግሩ እኮ ይኸው ነው። አንዱ ፓስተር ከአንዱ ተጣላ፣ ማግስቱን ሌላ ታርጋ ይለጠፋል። ልጅቷ ምን ታድርግ? አንድ ጊዜ በር ከተከፈተ መቆሚያ የለውም። እህቴ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ የቆምሽበት ቦታ ነው ቤትሽ። ሌላው ሁሉ መንገድ ላይ የቀረ ነው።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
ዘየካ፣ ቀስ። እኔም እንዳንተው ተዋሕዶ ነኝ። ግን እዚህ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ሳያማርጥ የኖረ ኦርቶዶክስ ካለ አሳየኝ። ከ1984 በኋላ ስደተኛው ሲኖዶስ፣ የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ገለልተኛው ተባብለን ሦስት ቦታ አልተከፈልንም? እኔ ራሴ ቅዳሴ ስገባ መጀመሪያ የማዳምጠው የየትኛው ፓትርያርክ ስም እንደሚጠራ ነበር። ስሙን ሰምቶ ጫማውን አድርጎ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ። አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ እህትማማቾች በተለያየ መኪና ወደተለያየ ቅዳሴ ሲሄዱ ነው ልጆቻችን ያደጉት። እስከ ሐምሌ 2010 ድረስ ማለት ነው። እኛስ ምን ነበርን? ደንበኛ?

ዘየካ፦
ያ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። እምነቱ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ። ታረቁ፣ አለቀ።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
«የአስተዳደር ጉዳይ»። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገን፣ ለቅሶ ሳንደራረስ፣ ፍርድ ቤት ቆመን... የአስተዳደር ጉዳይ።

ዘየካ፦
አዎ፣ የአስተዳደር ጉዳይ። ሃይማኖት ሌላ፣ አስተዳደር ሌላ።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
እሷም እኮ የጠየቀችው የአስተዳደር ጉዳይ ነው! የሕንፃው ገንዘብ የት ገባ ነው ያለችው። ሥላሴን አልካደች። ታዲያ ያንተ ሲሆን አስተዳደር፣ የሷ ሲሆን «መንገድ ላይ የቀረ» የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?

የጉለሌ ጉድ፦
ሚሚ ገባችለት 😂

ዘየካ፦
የጉለሌ ጉድ፣ አንተ ደግሞ ከሳቅ ሌላ ነገር ጽፈህ ታውቃለህ? ሚሚ፣ በጥር 2015 ሦስቱ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶስ ሾምን ብለው ሲነሱ ሕዝቡ ምን አደረገ? ሌላ ቤት ፈለገ? በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሶ ቤቱን ጠበቀ። ልዩነቱ ይሄ ነው። የሚወድ ሰው ይቆማል።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
ጥቁር እኔም ለብሻለሁ። ግን እነዚያ በቋንቋችን ይቀደስልን፣ በቋንቋችን እንማር ያሉ ምእመናንስ? «የሚወድ ይቆማል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጥያቄያቸውን ቀደም ብሎ የሰማ ቢኖር ያ ሁሉ ይመጣ ነበር?

አስተባባሪ፦
ወገኖች፣ የሲኖዶስን ፖለቲካ እዚህ አናንሳ። ሕጉን ታውቃላችሁ። ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ።

የጉለሌ ጉድ፦
አስተባባሪ ሁልጊዜ የሚነቃው ነገሩ ሲጥም ነው።

የቀድሞ ዘማሪ፦
እኔ ወደ «ደንበኛ» ልመለስ። በጣም ነው ያሳቀኝ። ደንበኛ ካለ ሻጭ አለ ማለት ነው። ስብከት ሊያልቅ ሲል የባንክ ሂሳብ ቁጥር ስክሪን ላይ የሚለጥፈው ማነው? «ዛሬ ዘር የዘራ በዚህ ሳምንት ቪዛው ይመጣል» የሚለው ማነው? የተቀባ ዘይትና ውሃ በጠርሙስ የሚያድለው ማነው? እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ከኋላ ያለውን አውቃለሁ። መብራቱ መቼ እንደሚደበዝዝ፣ ኪቦርዱ መቼ ዝግ እንደሚል ቀድመን እንነጋገር ነበር። ሰዉ የሚያለቅስበት ሰዓት ፕሮግራም ላይ ነበር። ሰውን ደንበኛ አድርገህ አሳድገህ፣ ደንበኛ ሆነ ብለህ መሳቅ ምን ይሉታል?

የሆሳዕና ልጅ፦
የሐሰተኛ ነቢያትን ኃጢአት በወንጌላውያን ሁሉ ላይ አትለጥፍ። ቃለ ሕይወት ገጠር ብትሄድ ዛሬም አሥራቱን በበቆሎ የሚያመጣ ገበሬ አለ።

የቀድሞ ዘማሪ፦
ገጠሩን ማን ነካ? ስክሪኑን ነው ያልኩት።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኔ የሙሉ ወንጌል ሰው ነኝ። በንጉሡ ጊዜ ፈቃድ ተከለከልን። በደርግ ጊዜ አዳራሻችን ተዘጋና በየሰው ቤት ተሰበሰብን። ጫማ በር ላይ አይተውም፣ ቀበሌ ይቆጥረዋል። እያንዳንዱ ጫማውን ይዞ ይገባል። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ሉተራን ይሁን መሠረተ ክርስቶስ ጠይቄ አላውቅም። ኦርቶዶክስም ይመጣ ነበር። ስሙን እንኳ አንጠይቅም፣ ብንያዝ እንዳናወጣ። ማን የማን አባል ነው የሚባለው ነገር የመጣው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

የሆሳዕና ልጅ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ግን ያ ጊዜ ግድ ሆኖ ነው። አሁን በሩ ክፍት ነው፣ ማንነት መታወቅ አለበት። ሥርዓት ከሌለ ማን ማንን ይገሥጻል?

ጋሽ ጡረተኛ፦
መገሠጽማ መልካም ነው ልጄ። እሷ ሽማግሌውን ስትገሥጽ ምን ተባለች?

ሉተራዊው፦
ጋሼን አክብሬ ልናገር። እህቴ፣ መካነ ኢየሱስ እንኳን ደህና መጣሽ እንላለን። ግን እንግዳ ሆነሽ አትቅሪ። ከነበርሽበት የዝውውር ደብዳቤ አምጪ፣ ትምህርቱን ተማሪ፣ አባል ሁኚ። ቅዱስ ቁርባን የሚወሰደው እንደዚያ ነው።

ጠያቂዋ፦
ደብዳቤ የሚጽፉት እነማን ናቸው? ገንዘቡን የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች። ምን ብለው ይጻፉልኝ? «የጥርጣሬ መንፈስ ያለባት እህታችንን ተቀበሉ»?

ሉተራዊው፦
ሥርዓት ነው። እኛ ብቻ አይደለንም፣ ሁሉም ይጠይቃል።

የቀድሞ ዘማሪ፦
ሉተራዊው፣ የናንተ ቤተ ክርስቲያን በ2005 ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምክንያት። የስንት ዘመን ወዳጆች ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም አብሮ የተሠራ ነው። ደብዳቤ ማን ጻፈላችሁ? ቤተ ክርስቲያን ስታቋርጥ «አቋም» ይባላል። አንዲት ሴት ስታቋርጥ «ደንበኛ»።

ሉተራዊው፦
እሱ የአስተምህሮ ጉዳይ ነበር። ጉባኤ ተቀምጦ፣ ጸልዮ የወሰነው ነው።

የቀድሞ ዘማሪ፦
እሷም ተቀምጣ ጸልያ ነው። ጉባኤዋ አንድ ሰው ስለሆነ ነው?

ዘየካ፦
ይኸው! እርስ በርሳቸው ሲበላሉ ተመልከቱ። አያት ቅድመ አያቶቻችን ይሄን አይተው ነበር «አንዲት ጥምቀት» ያሉት።

የሆሳዕና ልጅ፦
ዘየካ፣ ብዙ አትኩራ። በ1987 ቆጠራ ኦርቶዶክስ ከግማሽ በላይ ነበር፣ በ1999 ግን 43.5 ከመቶ ወረደ። ጴንጤው ከ10 ወደ 18 ዘለቀ። እንደዚህ የሚጣፍጥ ቤት ከሆነ ሰዉ የት ሄደ?

ዘየካ፦
ሁሉንም ከኛ አትቁጠር። ደቡብ ላይ ከባህላዊ እምነት የመጣው ስንት ነው? ደግሞ ከ1999 ወዲህ ቆጠራ ተካሂዶ አያውቅም። አሁን ብንቆጠር የሚመለሰውን ታይ ነበር።

የጉለሌ ጉድ፦
ቆጠራውን ለመንግሥት ተዉለት። ልጅቷ ብትሞት የት ትቀበራለች? እሱን ንገሯት።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ በጣም አጽናናኸኝ።

የጉለሌ ጉድ፦
የምሬን ነው። የጎረቤታችን እናት ጴንጤ ሆነው አረፉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ እድሩ ወጥቷል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። የሰፈሩ ደብር «መዝገባችን ላይ የሉም» አለ። እውነት ነው፣ የሉም። ባላቸው ግን እዚያው ነው ያረፉት፣ ከጎናቸው ቦታ ተገዝቶ ነበር። ልጆቹ እስከ ማታ ሲሯሯጡ ዋሉ። ቤት ስትቀይሪ ይሄንንም አስቢ ነው የምለው።

ዘየካ፦
ትታን ሄዳ ለመቀበር ብቻ ትምጣ?

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
ዘየካ፣ ሟች ላይ እንኳ እንዲህ አይባልም። ነውር ነው።

ዘየካ፦
ሥርዓት ነው ያልኩት። ፍትሐት ለአማኝ ነው። እሳቸውም በሕይወት እያሉ ፍትሐት አይጠቅምም ብለው አስተምረው ይሆናል። ለማንኛውም፣ እህቴ፣ ክርስትና የተነሳሽው የት ነው?

ጠያቂዋ፦
በሰማንያ ቀኔ፣ ኦርቶዶክስ። እናቴ በኋላ ነው ጌታን የተቀበለችው፣ እኔም በእጇ ተጎትቼ ሄድኩ። ከዚያ ወጣት ሳለሁ በውሃ ተጠመቅኩ።

ዘየካ፦
በቃ፣ አለቀ! ልጅነትሽ አለ። ንስሐ አባት ያዢ፣ ቄደር ትጠመቂያለሽ፣ ትመለሻለሽ።

ጠያቂዋ፦
ሦስተኛ ጥምቀት?

ዘየካ፦
ቄደር ጥምቀት አይደለም፣ የንስሐ ሥርዓት ነው። መጽሐፈ ቄድር ይነበባል፣ ጸሎት ተደርሶ ውሃ ይረጫል። የሰማንያ ቀኑ እንደጸና ነው።

የሆሳዕና ልጅ፦
የሰማንያ ቀን ልጅ ምን አምና? ጥምቀትሽ በራስሽ አንደበት መስክረሽ የገባሽበት ነው። የመጀመሪያው መታጠብ ነው።

ሉተራዊው፦
ኧረ! እኛም እኮ ሕፃን እናጠምቃለን። በሥላሴ ስም የተደረገ ጥምቀት አይደገምም። በኛ አስተምህሮ የሰማንያ ቀኑ ይበቃታል፣ ሁለተኛው ነው ያላስፈለገው።

የሆሳዕና ልጅ፦
ሁለተኛው ነው ያላስፈለገው?? ጌታ በስንት ዓመቱ ተጠመቀ?

ሉተራዊው፦
የወኅኒው ጠባቂ ከነቤተሰቡ ሲጠመቅ ሕፃናቱን ውጪ አቆማቸው?

የሆሳዕና ልጅ፦
ሕፃን ነበረ የሚለውን ከየት አመጣኸው? ጥቅሱን አሳየኝ።

የቀድሞ ዘማሪ፦
በአንዷ ሴት ላይ ሁለት ጥምቀት አለ፣ እናንተ ሦስት ሆናችሁ የትኛውን እንሰርዝ ትባባላላችሁ። ሄዳ ሄዳ ብትደክም ይፈረድባታል?

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሁላችሁም «ወደኛ ነይ» ነው የምትሏት። ያለችበት ቦታ ገንዘቡን ቆጥረው ይንገሯት ያለ የለም። ከጋሼ በቀር።

የሆሳዕና ልጅ፦
እኔ መጀመሪያ መስመሬ ላይ ነው ያልኩት! ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
አልክ፣ ከዚያ «ግን» ብለህ ቀጠልክ።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ብትለቂም ሳትጣዪ ልቀቂ። ደብዳቤውን በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካሉ እምቢታቸው ይታወቅ። እኔም እንዲያ ያለ ደብዳቤ የጻፍኩበት ጊዜ ነበር፣ ግማሽ ገጽ ነው፣ ሰው አይገድልም።

ጠያቂዋ፦
ጠይቄያለሁ ጋሼ። «ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ይታያል» አሉኝ።

ጋሽ ጡረተኛ፦
መቼ ነው የሚሰበሰቡት?

ጠያቂዋ፦
እሱንም ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው የሚወስኑት።

የጉለሌ ጉድ፦
😂😂😂

ዘየካ፦
እኛ ጋ ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም። በሩ ክፍት ነው።

ሚሚ ከሜሪላንድ፦
የሰበካ ጉባኤ ካርድስ? ወርሃዊ ክፍያው ውዝፍ ካለብሽ ቀብር ላይ ምን ይባላል?

ዘየካ፦
ካርዱ ሌላ ነገር ነው።