የግሩፕ ቴራፒ አባሎቼ እኔ ላይ ተነሱብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ አዲሷ አማካሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አማካሪ ነኝ፤ የቡድን ቴራፒ ስመራ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስምንት አባላት አሉኝ። ጭንቀትና ድብርት ያለባቸው አዋቂዎች ናቸው። በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንገናኛለን። ቡድኑ ዝግ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው አይገባም። የሚቆየው ለስድስት ወር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሰው በሰዓቱ ይመጣል፣ ይተዛዘናል፣ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ይባባላል። ሁለተኛው ወር ላይ ነገሩ ተገለባበጠ። ሁለት ሰዎች ማርፈድ ጀመሩ። አንዷ ሌላው ሲያወራ ስልኳን ትነካካለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ አባል ፊት ለፊት፣ «አንቺ እኮ ‹ምን ተሰማህ?› ከማለት ውጪ የምታደርጊው ነገር የለም። ለዚህ ነው የምንመጣው?» አለኝ። ሁለት ሰዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሌላዋ «ተዋት እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ።

ማታ ደግሞ አንዷ አባል ደውላ «እኔ ብቀር ይሻለኛል» አለችኝ።

ይሄ ቡድን እየፈረሰ ነው? ጠንከር ያለ ሕግ ላውጣ? ወይስ መንፈሱ እንዲታደስ ሁለት አዲስ ሰዎች ላስገባ?

መልስ፦ የቆየ ቴራፒስት

እህቴ፣ ተረጋጊ። የጻፍሽው ነገር ቡድን ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የሚታይ ነገር ነው። ስለ አንቺ ችሎታ ብዙም አይናገርም።

ብሩስ ታክማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትንንሽ ቡድኖች የተጻፉ 50 ያህል ጽሑፎችን ሰብስቦ መረመረ። ግማሽ ያህሉ በቴራፒ ቡድኖች ላይ የተሠሩ ነበሩ። አሁን የቢሮ ሥልጠና ላይ ሁሉ ስሙ ስለሚነሳ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ያገኘው አራት ምዕራፍ ነው፦ መሰባሰብ፣ መናወጥ፣ ሥርዓት መያዝ፣ ከዚያ ሥራው። በ1977 ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛ ጨመረበት፤ መለያየት።

ለእኔ ግን ከስሞቹ ይልቅ የሚጠቅመኝ አባሉ በውስጡ የሚጠይቀውን ማወቅ ነው። ዊልያም ሹትዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን በአጭሩ አስቀምጦታል። አባሉ መጀመሪያ «ውስጥ ነኝ ወይስ ውጭ?» ይላል። ቀጥሎ «ላይ ነኝ ወይስ ታች?» በመጨረሻ «ቅርብ ነኝ ወይስ ሩቅ?» ያንቺ ሰዎች የመጀመሪያውን መልሰዋል። ውስጥ ናቸው። ገብተው ባይሆን ኖሮ አይጣሉም ነበር፤ ዝም ብለው ይቀሩ ነበር። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ናቸው፤ ሥልጣን ያለሽ ደግሞ አንቺ ነሽ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ወደ ቡድን ሲመጣ መሪዋ መድኃኒቱን ይዛ የምትጠብቀው ይመስለዋል። ዊልፍሬድ ባዮን የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይሄንን የጥገኝነት ስሜት ደህና አድርጎ ጽፎበታል። ቡድኑ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚችል መሪ ይፈልጋል። መሪው እንደዚያ አለመሆኑ ሲገለጥ ይናደዳል። ያ አባል የተናገረው የብዙዎቹን ንዴት ነው። ሁለቱ ራስ የነቀነቁት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር አንቺ ቀጥሎ የምታደርጊው ነው። ሰውየውን ብትቀጪው፣ ወይም በሙያ ቋንቋ ብትዘጊው፣ ስምንቱም አንድ ነገር ይማራሉ፦ እዚህ ቤት መቆጣት አይፈቀድም። ከዚያ በጨዋነት እያወሩ ስድስት ወሩን ይጨርሱታል። ተንበርክከሽ ይቅርታ ብትለማመጪም አይጠቅምም፤ «ተናገርን፣ ሰበርናት» ብለው ይፈራሉ። በሚቀጥለው ስትገናኙ ራስሽ አንሺው። ለምሳሌ፦ «ባለፈው ሳምንት ከእኔ የጠበቅከውን እንዳላገኘህ ነግረኸኛል። ይሄን መናገር ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ ነገር የተሰማው ሌላ ሰው ካለ ዛሬ መስማት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል። ቻይው።

መልስ፦ አባል የነበርኩ

ባለሙያ አይደለሁም። ከሌላኛው ወንበር ያየሁትን ልናገር ብዬ ነው።

እኛም ጋ እንዲህ ዓይነት ቀን ነበር። አንድ ሰው ቴራፒስታችንን ተቆጣት። እኔ በሩን ነበር የማየው። እኛ ቤት አባቴ ድምፁን ከፍ ካደረገ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁና። እሷ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ወደ እሱ ዞር አለችና «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» አለችው። እሱም ቀጠለ። ሲጨርስ «ከተናገርከው ውስጥ ስለ ዝምታዬ ያልከውን አስብበታለሁ። ለሁላችሁም መድኃኒት እሰጣለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለች። በቃ። ማንም አልተባረረ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው በሰዓቱ መጣ።

ተቆጥቶ አለመባረር እንደሚቻል ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለ ቁጣ ስንት ምክር ሰምቼ ነበር፤ እንደዚያ የገባኝ ግን የለም።

የሚያረፍዱትን በተመለከተ፣ እኔም አረፍድ ነበር። ትራንስፖርት እያልኩ። እውነቱ ግን የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ እፈራው ስለነበር ነው።

መልስ፦ ተጠራጣሪው

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ ግን ጠንቀቅ እንበል። ምዕራፎቹ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ የሚወጡ አይደሉም። አንድ አባል ሲወጣ፣ ረጅም እረፍት ሲመጣ፣ ረዳት መሪ ሲቀየር፣ ሥራ ላይ የነበረ ቡድን ተመልሶ መተያየት ይጀምራል። ሰው በየጊዜው የሚገባና የሚወጣበት ክፍት ቡድን ደግሞ ይሄን ቅደም ተከተል ብዙም አይከተልም። ሆስፒታል ውስጥ ታካሚው በየቀኑ የሚለዋወጥበት ቡድን ከሆነ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ራሱን እንደቻለ ቡድን መያዝ ነው የሚሻለው። ሁለተኛ ምዕራፍ ይመጣል ብለሽ ብትጠብቂ አይመጣም።

ሌላው፣ «የመናወጥ ምዕራፍ ነው» የሚለው ቃል ለሰነፍ መሪ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። አንቺ ሰነፍ ነሽ ማለቴ አይደለም። ግን ራስሽን ጠይቂ። ከመጀመርሽ በፊት እያንዳንዱን ለብቻ አግኝተሽ ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ነግረሽዋል? መሪዋ ምክር እየሰጠች እንደማትውል ያውቃል? ስለ ምስጢር፣ ስለ መቅረት፣ ከቡድን ውጪ ስለ መገናኘት ተስማምታችኋል? ካልሆነ የሰውየው ጥያቄ ምዕራፍ ምናምን ሳይሆን ቀጥተኛ ጥያቄ ነው። ቀጥተኛ መልስ ስጪው።

ግጭት ሁሉ ጤናማም አይደለም። ሊበርማን፣ ያሎምና ማይልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። በዚያን ጊዜ ፋሽን የነበሩትን ሰው ለሰው ፊት ለፊት የሚናገርባቸውን ቡድኖች ተከታትለው ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ክፉኛ ተጎድተው ወጡ። ጉዳቱ በይበልጥ የታየው መሪዎቹ ኃይለኛና ሰውን የሚጋፉ በሆኑባቸው ቡድኖች ነው። ስለዚህ ንዴቱ ወደ አንቺ ሲመጣ ተቀበይው። ወደ አንድ ደካማ አባል ሲዞር ግን ወዲያው ግቢበት።

አዲሷ አማካሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ «ገብተው ባይሆን ኖሮ አይጣሉም» ያሉት ነገር እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

ለብቻ አግኝቻቸዋለሁ፤ ስለ ምስጢርም ተስማምተናል። የእኔ ድርሻ ምን እንደሆነ ግን ብዙ አላወራንም። ያንን እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደውላ «ብቀር ይሻለኛል» ያለችው ያቺ ስልክ የምትነካካዋ ናት። ሰሞኑን ሁሉም እሷን ነው ነካ የሚያደርጉት። «አንቺ መቼም እዚህ የለሽም» እያሉ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ

እዚህ ጋ ነው መፍጠን ያለብሽ። አንቺን ለመቆጣት የሚፈሩ ሰዎች ቀለል ያለ ሰው ይፈልጋሉ። እሷን አገኙ። አብራ መሳቋ አያታልልሽ።

ሲስቁባት «ነውር ነው» ብለሽ አትቆጪ፤ ያን ጊዜ የመሪዋ ተወዳጅ ታስመስያታለሽ፣ ይብስባታል። ይልቅ ንዴቱን ወደ ራስሽ ሳቢው። «ልቡ እዚህ ያልሆነው እሷ ብቻ ናት? ከእኔ ጋር ቅር የተሰኛችሁበት ነገር ስላለ ይመስለኛል፤ እሱን እናውራው» በይ። ከዚያ ሌላ ሰውም «እኔም አንዳንዴ ሐሳቤ ይሄዳል» ካለ ሸክሙ ከእሷ ላይ ይነሳል። እሷን የሚመስል አንድ ሰው ካገኘች ደግሞ ትቆያለች። ብቻውን የቀረ ነው ቶሎ የሚወጣው።

የማታውን ጥሪ በተመለከተ፣ ደውላ የነገረችሽን ለቡድኑ አታውጪ። ምስጢር አድርገሽ ይዘሽም አትቀመጪ። መልሰሽ ደውይላትና «ይሄን የነገርሽኝን እዚያ ብትናገሪው እኔ አጠገብሽ ነኝ» በያት። አሁን እንዳትወስን ለምኚያት፤ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ትሞክረው። መውጣቷ የማይቀር ከሆነም መጥታ ትሰናበት። ሳይሰናበት የጠፋ ሰው ቡድን ውስጥ ለወራት ይወራል፤ ወይም ማንም አያነሳውም፣ እሱ ደግሞ ይከፋል። አንድ ነገር ግን፣ ራሷን ስለ መጉዳት ካነሳች ይሄ ሁሉ ይቅርና ለብቻ አግኚያት። የቡድን ጉዳይ አይደለም።

አዲስ ሰው? አሁን አይሆንም። አንደኛ፣ ዝግ ነው ብለሽ ቃል ገብተሻል። ሁለተኛ፣ ጠብ መሀል የገባ እንግዳ ቀጣዩ ተሰዳቢ ነው የሚሆነው። ሰባትና ስምንት ሰው የተመቸ ቁጥር ነው። ከአምስት በታች ከወረደ ያኔ ከቡድኑ ጋር ተነጋግረሽ አስገቢ፤ ሁለቱን አንድ ላይ። አንድ ሰው ብቻውን ሲገባ ይከብደዋል።

ስለ ሕግ ደግሞ፣ አዲስ ሕግ አንቺ አታውጪ። የማርፈዱን ነገር እነሱ ያውሩበት፣ እነሱ ይወስኑ። ያወጡትን ሕግ ራሳቸው ይጠብቁታል።

መልስ፦ የቆየ ቴራፒስት

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ያለችውን እኔም እደግፋለሁ። ተጠራጣሪውም ልክ ነው፤ ስለ ድርሻሽ በግልጽ ንገሪያቸው።

ይሄ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣው ጥቂት ልበል፤ ብዙ አዲስ መሪ እዚያ ላይ ነው የሚዘናጋው። ከጠቡ በኋላ ፍቅር ይመጣል። «እንደኛ ቡድን የለም» ይላሉ። ይተቃቀፋሉ። አንቺም ደስ ይልሻል። ግን ማንም ማንንም የማይቃወምበት ፍቅር ከመጀመሪያው ሰሞን «አይዞሽ» ብዙም አይርቅም። አንዱ ቅር ብሎት ፈገግ ሲል ካየሽ «ፊትህ ላይ ሌላ ነገር አየሁ» በይው። እዚያ ላይ ነው እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው። አንድ ሰው ሌላውን «እንዲህ ስትለኝ እርቅሃለሁ» ይላል፤ ሌላው ሳይሸሽ ይሰማዋል። ያኔ አንቺ ብዙ አታወሪም።

መጨረሻውም የራሱ ፀባይ አለው። ቡድኑ ሊያልቅ ሲል የጠፋው ጭንቀት ይመለሳል፣ ማርፈድ ይጀመራል፣ «በየቤታችን እየተሰበሰብን እንቀጥል» የሚል ይመጣል። አሁንም አትደንግጪ፣ መለያየት ነው። ስለ መጨረሻው ማውራት አራተኛው ወር አካባቢ ጀምሪ። በመጨረሻው ቀን በኬክ ሸፋፍነሽ አትለፊው።

ሱፐርቫይዘር፣ ማለት ሥራሽን አብሮሽ የሚያይ ልምድ ያለው ባለሙያ፣ አለሽ?

አዲሷ አማካሪ

አለችኝ። ሐሙስ እንገናኛለን፤ የባለፈውን ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ ይዤላት እሄዳለሁ። ለልጅቷም ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ።