በጓሮ አፕል ላይ የወጣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ነጭ ዱቄትና ጥጥ መሰል ነገር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በግቢዬ ስድስት የአፕል ዛፎች አሉኝ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከጨንቻ ባስመጣኋቸው ችግኞች የተተከሉ ሲሆኑ፣ አራቱ አና፣ ሁለቱ ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ በቅጠላቸው ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ አንዳንዱ ፍሬም ሻካራ እከክ ይዞ በዚያው በኩል ተሰንጥቋል። በሁለቱ ዛፎች ላይ የለጋው ቀንበጥ ጫፍ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል፤ በሌላው ደግሞ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ከመድኃኒት ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተሰጠኝን ማንኮዜብ የተባለ ፀረ ፈንገስ ሁለት ጊዜ ብረጭም ጥጡ እንዳለ ነው። በሽታው አንድ ነው ወይስ የተለያየ?

ምላሽ 1

የተለያየ ነው፤ «ለሁሉም ይሆናል» የተባሉትም ለዚህ ነው ያልሠራልዎት።

ጥቁሩ ነጠብጣብና የፍሬው እከክ፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ስካብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ፈንገሱ በወደቀ ቅጠል ውስጥ ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ ዘሩን ወደ ላይ ይበትናል፤ ቅጠሉ ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይደርቅ ከቆየ ዘሩ ይበቅላል፣ ነጠብጣቡ ግን የሚታየው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማንኮዜብ ጤናማውን ቅጠል ቀድሞ ይጠብቃል እንጂ የወጣውን ነጠብጣብ አያጠፋም። አሁን የሚጠቅመው የወደቀውን ቅጠልና የተሰነጠቀውን ፍሬ ለቅሞ ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር፣ ቀጥሎም የዛፉን መሐል በግረዛ ከፍቶ ነፋስ እንዲያደርቀው ማድረግ ነው። በእኛ ደጋ ቅጠሉ እንደ ቀዝቃዛ አገር በአንድ ጊዜ ስለማይረግፍ፣ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ የቀረውን አሮጌ ቅጠል በእጅ ማራገፍ ለአበባውም ለበሽታውም ይረዳል። ርጭቱን ለሚቀጥለው እምቡጥ መፈንዳት ያቆዩት፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከለቀማ በፊት መቆየት ያለበትን ቀንም ይጠብቁ።

ዱቄቱ ሌላ ፈንገስ ሲሆን፣ እንደ ስካብ የረጠበ ቅጠል አይፈልግም፤ በእምቡጥ ውስጥ ተደብቆ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ነጭ የሆነውን ቀንበጥ ከጤናማው እንጨት ገባ ብለው ይቁረጡና ዱቄቱ እንዳይበተን ወዲያው በፌስታል ይያዙት። ካስፈለገ በውኃ የሚበጠበጥ ድኝ ይረጫል፤ በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ምላሽ 2

እኔ ጨንቻ አካባቢ አፕል አለማለሁ፤ ስለ ጥጡ ብቻ ልናገር። በጣትዎ ጨፍልቀው ይዩት። ቀይ፣ ደም መሰል ፈሳሽ ከወጣ በሽታ ሳይሆን ክሽክሽ ነው፤ ጥጡ የራሱ የተባዩ ልብስ ነው። ፀረ ፈንገስ ቢረጩበት ምንም አይለውም። የሳሙና ውኃ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እየነከሩ በተለይ በግረዛ ቁስልና በቅርንጫፍ ብብት ያለውን ይፈትጉት፤ በየሳምንቱ ይድገሙት።

ችግኙ የተዳቀለበት የሥር ግንድ (ከታች ሥር የሚሆነው ክፍል) ኤም ኤም 106 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሥሩን ይህ ክሽክሽ እምብዛም አይደፍረውም፤ ከመዳቀያው፣ ማለትም ሁለቱ ከተጋጠሙበት ቦታ፣ በላይ ያለው ክፍል ግን ያው ተጋላጭ ነው። መዳቀያው በአፈር እንዳይሸፈን ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው «ቁርን ይከላከላል» ብሎ አፈር ያለብሰዋል፤ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጨፈለቅሁት፤ ጣቴ በእርግጥም ቀይ ሆነ። መዳቀያው አንድ ስንዝር ያህል አፈር ለብሶ አገኘሁት፤ በአንደኛው ዛፍ ላይም ቅርፊቱን ፋቅ ሳደርገው ውስጡ ቡናማ ሆኖ ረጥቧል። ይህስ?

ምላሽ 1

ያ የግንድ ግርጌ ብስባሽ ሊሆን ይችላል፤ ኤም ኤም 106 ክሽክሹን ቢቋቋምም ውኃ በሚቋጥር አፈር ለዚህ ደካማ ነው። አፈሩን ከግንዱ ዙሪያ ያንሱ፣ ቦይ ቀደው ውኃውን ያስወጡ፣ የበሰበሰውን ቅርፊት እስከ ጤናማው ድረስ ፍቀው ቁስሉ አየር እንዲያገኝ ይተዉት። ብስባሹ ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ዛፉ አይድንም፤ ነቅለው በቦታው ሌላ አፕል አይትከሉ። መቁረጫውንም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ በበረኪና ውኃ ያጽዱት።