«ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» እያለ አልነሳ ያለ ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ የቆየ ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 7። ሳበራው «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ይልና ኤፍ1 ካልተጫንኩ አያልፍም። ሰዓቱም ወደ 2009 ይመለሳል። አሁን ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ አድርጎ ሪስታርት ያደርጋል። ሃርድ ዲስኩ ሞቶ ይሆን?

መልስ 1፦ ዲስኩን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። ያለቀው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰርኪት ቦርድ) ላይ ያለው፣ ሲሞስን ማለትም ሰዓቱንና ሴቲንጉን የሚይዘውን ሚሞሪ የሚያቆየው ክብ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። ገመዱን ከሶኬት ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ ከዚያ የባትሪውን መያዣ ገፋ ስታደርገው ይወጣል። አዲሱ የ+ ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ሲአር 2025 የሚባለውን እንዳይሸጡልህ፤ ቮልቱ አንድ ቢሆንም ስስ ስለሆነ በደንብ አይነካም።

መልስ 2፦ ሰማያዊውም ከዚያው ሊመጣ ይችላል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሴቲንጉን ሲረሳ የሳታ ሞዱን፣ ማለትም ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፣ ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ይመልሰዋል፣ ወይም በተቃራኒው፤ ዊንዶውስ ከተጫነበት ሞድ ውጪ ዲስኩን ማንበብ ያቅተዋል። ሲነሳ ኤፍ8 ተጫንና ራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ አጥፋው፤ የኤረሩ ቁጥር በ7ቢ ካለቀ ይኸው ነው። ባትሪውን ቀይር፣ ባዮስ ገብተህ ሞዱን ቀይር፣ ቀኑን አስተካክል፣ ሴቭ። ፎርማት አድርገው የሚልህን አትስማ!

መልስ 3፦ በአዲስ ባትሪም ከረሳ፣ ሲሞስ ማጥፊያው ጃምፐር (ቦርዱ ላይ ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) ፒን 2-3 ላይ እንዳልቀረ እይ። ብዙ ቦርዶች ላይ መደበኛ ቦታው 1-2 ነው።