ለገጣፎ ያለ የቤተሰብ ቤት ልንሸጥ ነው፦ ከነዕቃው ይታይ ወይስ ባዶውን?

ጥያቄ፦ የለገጣፎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የቤተሰብ ቤት አለን። ቪላ ነው። ሦስት መኝታ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ከኋላ ሰርቪስ አለው። አባታችን ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን ከብዷት አሁን ሰሚት እህቴ ጋ ገብታለች። ቤቱ እንዲሸጥ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው።

ወንድሜ «ዕቃውን ሙልጭ አድርገን አውጥተን ባዶውን እናሳይ፣ ሰው ቤት እንጂ ቡፌ ሊገዛ አይመጣም» ይላል። እህቴ ደግሞ ባዶ ቤት ፊት የለውም ባይ ናት፣ ዘመናዊ ሶፋና መጋረጃ ተከራይተን አሳምረን ማሳየት አለብን ትላለች፣ ውጭ አገር እንደዚያ እንደሚደረግ በቲክቶክ አይታለች። ደላላው «እንዳለ ተዉት» ብሎናል።

ያለው ዕቃ የእማዬ ትልቅ ቡፌ፣ ከባድ ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ አልጋዎችና ሁለት ቁም ሳጥን ነው። ግድግዳው ደግሞ በቤተሰብ ፎቶና በእማዬ የቅዱሳን ሥዕሎች ተሞልቷል። ንጹሕ ነው ግን ብዙ ነው፣ የሳሎኑ ስፋት አይታይም። ሌላው፣ የኋለኛው መኝታ ቤት ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት ያወጣል። አሁን ቁም ሳጥኑ ሸፍኖታል።

ለኪራይ ዕቃ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል? ወይስ ባዶውን? ወይስ እንዳለ?

የሰሚቱ

እህቴ፣ ወንድምሽም እህትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው።

ጭራሽ ባዶ የሆነ ክፍል ትንሽ መስሎ ነው የሚታየው። ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ አልጋው የት እንደሚገባ በዓይኑ መለካት ይከብደዋል። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት ባዶውን ያየ ሰው «ይሄማ የልጅ ክፍል ነው» ብሎ ይወጣል። እዚያው ክፍል ውስጥ ባለ 1.50 አልጋ ግድግዳ አስጠግታችሁ ብታስገቡ፣ ፊት ለፊቱ 60 ሳንቲም ወደ ውስጥ የሚገባ ቁም ሳጥን ብታቆሙ፣ መሀል ላይ 90 ሳንቲም መተላለፊያ ይተርፋል። ገዢው በዚያ መሀል ሲያልፍ ክፍሉ እንደሚበቃው ራሱ ያየዋል፣ እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ሳሎኑ ጋ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው። ቡፌው ይውጣ። ረጅሙን ሶፋና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ተዉ፣ የቀረው ይነሳ። የምግብ ጠረጴዛው ከአራት ወንበር ጋር ይቆይ። አንዱ መኝታ ቤት በአልጋ ይታይ፣ ሌሎቹ ባዶ ይሁኑ። ንጹሕ አንሶላና ቀላል መጋረጃ በቂ ነው።

ለኪራይ ዕቃ ብር አታውጡ። ቤቱ በወር ይሸጥ በዓመት ማንም አያውቅም፣ ኪራዩ ግን በየወሩ ይቆጥራል። ያንን ብር ለቀለም፣ ለአምፖልና ለቧንቧ አድርጉት።

ቤት ፈላጊ

እኔ በገዢ በኩል ሆኜ ልናገር፣ አሁን ቤት እየፈለግኩ ነው፣ ከሰበታ እስከ ገላን ስዞር ከርሜያለሁ።

ዕቃ የሞላበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማስበው ከዕቃው ጀርባ ምን አለ የሚለውን ነው። ምንጣፍ እገልጣለሁ። ቧንቧ እከፍታለሁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው የምጠይቀው። ታንከሩ ስንት ሊትር ነው፣ ፓምፕ አለው ወይ፣ የመብራት ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ የጋራ፣ ዝናብ ሲመጣ መኪና ግቢ ድረስ ይገባል ወይ። የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው። ሶፋው ቆንጆ ሆነ አልሆነ እኔ ይዤው አልሄድም።

ስለዚህ ባዶ ይሁን ባይ ነኝ። ያ ቁም ሳጥን የሸፈነውን እርጥበት ደግሞ እኔ ባገኘው «ዋጋ ቀንሱልኝ» አልልም፣ ትቼ ነው የምሄደው። አንዱን ከደበቁ ሌላም የደበቁት አለ ማለት ነው።

የሰሚቱ

@ቤት ፈላጊ ስለ እርጥበቱ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ግን አንተ ራስህ ብዙ ቤት ስላየህ ዓይንህ ለምዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት እንደዚያ አያዩም። ጥቂት ዕቃ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ቢቀመጥ ሁለታችሁንም ያስማማል፣ አንተም ጥጉን ታያለህ፣ እነሱም አልጋው እንደሚገባ ያያሉ።

ቀለምና ስቱኮ

ሥራዬ ይሄ ስለሆነ ስለ እርጥበቱ ልግባበት፣ ከሶፋውም ከመጋረጃውም በፊት የሚቀድመው እሱ ነው።

ቁም ሳጥኑን ዛሬውኑ አንሱት። አየር የሌለው ቦታ ሻጋታውን ያባብሰዋል፣ ቁም ሳጥኑም ይበላሻል። ከዚያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከታች፣ ከወለሉ በኩል ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነና ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ፣ ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ከውጭ በኩል አፈር ተከምሮ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ፣ ወይም የግቢው ሊሾ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ይሆናል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ግን አሸንዳውንና ቆርቆሮውን እዩ። አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ግድግዳ ላይ ይፈስሳል፣ ይህ በጣም የተለመደ ነው። መሀል ላይ ብቻ ክብ ሆኖ ከወጣና ዝናብ ባይኖርም የማይደርቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

አሁን ክረምት መሆኑ ጥሩ ነው። ዝናብ እየዘነበ ሳለ በውጭ በኩል ዞራችሁ ብታዩ ምንጩ ይታያችኋል፣ በበጋ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ምንጩን ሳትዘጉ ቀለም አትቀቡ! እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ቀለም ያብጣል፣ ይላጣል፣ ገዢ ባለበት ቀን ከተላጠ ደግሞ ከቀድሞው ይብሳል። አሸንዳውን አስተካክሉ፣ አፈሩን አንሱ፣ የላላውን ልስን አስረግፉት፣ መስኮቱን ከፍታችሁ አየር ያግኝ። ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል። ከዚያ ይለሰን፣ ስቱኮው ይመታ፣ ቀለሙ ይቀባ። ቤቱን ሙሉ በአንድ ነጣ ያለ ቀለም ቀቡት። ሮዝና አረንጓዴ ክፍል ካለ ይሸፈን።

ዕጣን አጭሶ የሻጋታ ሽታ መሸፈንም አይሠራም። ሰው ሁለተኛ ሲመጣ ይሸተዋል።

ከሜሪላንድ

እህትሽ ያየችው ነገር እውነት ነው፣ እዚህ ስቴጂንግ ይሉታል። ባዶ ቤት ውስጥ ዕቃ በኪራይ አስገብተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ቤቱ ሲሸጥ ዕቃው ይመለሳል። የአሜሪካ የሪል እስቴት ወኪሎች ማኅበር በሚያወጣው ጥናት ለገዢ ዋናው ክፍል ሳሎን ነው፣ ቀጥሎ ዋናው መኝታ ቤት፣ ከዚያ ኩሽና ይመጣል። ስለዚህ ጥቂት ዕቃ ብቻ ካስቀራችሁ ቅደም ተከተሉን በዚህ አድርጉት። እዚህ የሚያዋጣው ግን ገዢው ቤቱን መጀመሪያ በኢንተርኔት ስለሚያይና ባለቤቱም የባንክ ዕዳ እየከፈለ ስለሆነ ቶሎ መሸጥ ስለሚፈልግ ነው።

እናንተ ጋ በዚህ የሚመሳሰለው እኛ ነን፣ በውጭ ያለን ገዢዎች። በቴሌግራም ቪዲዮ አይተን ነው ዘመድ የምንልከው። ስለ ራሴ ብናገር፣ ሶፋ ብቻ ከሚታይበት ቪዲዮ ይልቅ ከአስፋልቱ ተነስቶ መንገዱን፣ በሩን፣ ግቢውን፣ ከዚያ ሳሎኑን ሳይቆረጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው የማምነው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ይቀረጽ። ቧንቧውም ተከፍቶ ይታይ።

አሁን ደግሞ በባዶ ክፍል ፎቶ ላይ በኮምፒውተር ሶፋ የሚጨምሩ አሉ። ካደረጋችሁት ፎቶው ላይ በግልጽ ጻፉት፣ ባዶውንም ፎቶ አብራችሁ አውጡ። ዘመዴ ሄዶ ሌላ ቤት ካገኘ እኔ ሁለተኛ አልደውልም።

ሌላም ነገር፣ የቤተሰብ ፎቶዎቹንና የእናትሽን ሥዕሎች ከግድግዳ አውርዱ። ቪዲዮው ማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። ሥዕሎቹን ግን እናትሽ ራሳቸው መጥተው ቢያወርዱ ይሻላል።

ወረቀት ይቅደም

ስለ ዕቃው ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ ሰነዱ ልጨምር።

ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ካርታው የየት ነው?» ብሎ ነው። የቤቱ ፋይል የት ቢሮ እንዳለ፣ ካርታውና ፋይሉ አንድ መሆናቸውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ቤቱን ለደላላ ሳትሰጡ አጣሩ።

አባታችሁ ካረፉ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት። ኑዛዜ ከሌለ፣ በጋራ ያፈሩት ቤት ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፣ የአባታችሁ ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ ሻጩ ወንድምሽ ብቻ አይደለም፣ ሁላችሁም ናችሁ። ፈራሚ ወይም ወኪል የጎደለበት ሽያጭ ሶፋ ስላማረ አይጸናም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

ከዕቃው ጋር የሚገናኘው ይኸውላችሁ። ቤቱን ከነዕቃው ካሳያችሁ ገዢው «አብሮ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ፓምፑ፣ ታንከሩ፣ ቦይለሩ፣ የኩሽና ካቢኔቱ፣ የሳሎኑ መብራት ይቀራል ወይስ ይሄዳል? ቀብድ ሳትቀበሉ በወረቀት ይስፈር። በሕጉ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ይለቃል፣ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። በቡፌ ጭቅጭቅ እዚያ ድረስ አትሂዱ።

ገላን አካባቢ

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ባዶ ቤት ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ሰው ሳይኖርበት አይቀመጥም። ቧንቧ ይፈታል፣ ገመድ ይወሰዳል፣ ፓምፕ ይነቀላል። እኛ ሰፈር ባለቤቶቹ ለቀው ሲሄዱ የበር እጀታ ሳይቀር የተነቀለበት ቤት አለ። ዕቃ ብታስቀሩም ባታስቀሩም ሰርቪሱ ውስጥ የምታምኑት ዘመድ ወይም ጥበቃ አሳድሩ። ያ ሰው ደግሞ ቤቱን ያናፍሳል፣ ያጥባል፣ ገዢ ሲመጣ በሩን ይከፍታል።

ትልቁን ዕቃ ደግሞ አሁን ሽጡ፣ ቤቱ ተሽጦ ልቀቁ ስትባሉ በጥድፊያ በርካሽ እንዳይሄድ።

የለገጣፎዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ወንድሜ ትናንት ቁም ሳጥኑን አንስቶ በዝናብ ሰዓት በውጭ ዞሮ አየው። እንደተባለው አሸንዳው ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ነው የሚወርደው። ነገ ባለሙያ ይመጣል።

የወራሽነቱን ወረቀት አባታችን እንዳረፈ አውጥተናል፣ የካርታውን ጉዳይ ግን ሰኞ ሄደን እናጣራለን። እማዬ ቡፌው ለአክስቴ እንዲሰጥ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ እሱ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ ሰርቪሱ ውስጥ ሊያድር ተስማምቷል። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ መቼ ማሳየት ብንጀምር ይሻላል? ሶፋውን ፈልጎ የሚጠይቅ ገዢ ቢመጣስ፣ በቤቱ ዋጋ ውስጥ እንጨምረው?

የሰሚቱ

አትጨምሩት። የቤቱ ዋጋ ለብቻ፣ የሶፋው ለብቻ ይጠራ። ከተቀላቀለ ገዢው «ሶፋው ይቅርብኝ፣ ዋጋ ቀንሱ» ይላችኋል፣ የሚያስቀንሰውም ከሶፋው ዋጋ በላይ ነው። ደላላውንም ኮሚሽኑ በቤቱ ዋጋ ብቻ እንደሚታሰብ ከአሁኑ ንገሩት።

ቀለምና ስቱኮ

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከመስቀል በኋላ። ግድግዳው ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል፣ የሰፈሩም ጭቃ ይደርቃል። የኋለኛውን ክፍል ባዶ ተዉት፣ ምንም ዕቃ አይግባበት። ገዢ ከጠየቀ አሸንዳው ተደፍኖ እንደነበርና መቼ እንደተሠራ ንገሩት፣ ሥራው ሲሠራ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩት። እንዳትረሱ ነገ ባለሙያው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፎቶ አንሱ።