ለሪም ጆይስትና ለክሮል ስፔስ ምን ያህል ስፕሬይ ፎም ይበቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቱ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ሙሉ ቤዝመንት ያለው፣ 40 ፉት በ26 ፉት የሆነ የእንጨት ቤት ነው። ከኋላው 14 ፉት ወርድ ያለውና 12 ፉት ወደ ጓሮ የሚዘልቅ ተጨማሪ ክፍል አለው፤ ከዚህ ክፍል ሥር ያለው ግን ቤዝመንት ሳይሆን ግድግዳው 3 ፉት ከፍታ ያለው፣ ለአየር ያልተከፈተ ክሮል ስፔስ (ሰው ጎንበስ ብሎ ብቻ የሚገባበት ባዶ ቦታ) ነው። በብርዱ ወራት የወለሉ ዳር ዳር በባዶ እግር የማይረገጥ ስለሚሆን፣ የቤቱን ሪም ጆይስት፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች (ጆይስቶች) ጫፍ በዙሪያው የሚዘጋውን እንጨት፣ እንዲሁም የክሮል ስፔሱን ግድግዳ ከሁለት ሲሊንደር እየተቀላቀለ በሚወጣው ክሎዝድ ሴል ፎም (ሲደርቅ ጠንካራ የሚሆን የብርድ መከላከያ አረፋ) ራሴ ልረጨው አስቤያለሁ።

የቤቱ ዙሪያ 132 ፉት ነው። የሪም ጆይስቱ ከፍታ በኮንክሪቱ ላይ ከተጋደመው እንጨት ጋር 10.75 ኢንች ስለሆነ፣ ስፋቱ ወደ 118 ካሬ ፉት ይመጣል። የክሮል ስፔሱ ሦስት የውጭ ግድግዳዎች በድምሩ 38 ፉት ርዝመት ስላላቸው በ3 ሲባዙ 114 ካሬ ፉት ይሆናሉ። አንድ ቦርድ ፉት ማለት አንድ ካሬ ፉት በአንድ ኢንች ውፍረት ነውና፣ ድምሩን 232 ካሬ ፉት በ2 ኢንች ሳባዛው 464 ቦርድ ፉት አገኛለሁ። ሱቁ የሚሸጠው ሁለቱን ሲሊንደር የያዘ ባለ 200 እና ባለ 600 ቦርድ ፉት ኪት ነው። ባለ 600ው ከበቂ በላይ መስሎኛል፤ ሆኖም ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ሥራውን የምታውቁ ስሌቴን እንድታዩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ አናጢ ከዴንቨር

ወንድሜ፣ የማባዛቱ መንገድ ትክክል ነው፤ የሚስተካከለው የሚለካው ቦታ ነው። ተጨማሪው ክፍል ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኝበት 14 ፉት ከእንግዲህ የውጭ ግድግዳ አይደለም፤ በአንዱ በኩል ቤዝመንት፣ በሌላው በኩል እርስዎ የሚያሞቁት ክሮል ስፔስ ስላለ፣ እዚያ ላይ ፎም መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። በአንጻሩ ተጨማሪው ክፍል የራሱ ሪም ጆይስት አለው፤ በስሌትዎ ውስጥ ግን አላየሁትም። ስለዚህ ከ132 ላይ 14 ቀንሰው 38 ሲጨምሩ የሪም ጆይስቱ ርዝመት 156 ፉት ይሆናል፤ ከፍታው ተመሳሳይ ከሆነ ስፋቱ ወደ 140 ካሬ ፉት ነው። የግድግዳው 114 ሲጨመርበት 254 ካሬ ፉት፣ በ2 ኢንች ደግሞ 508 ቦርድ ፉት ይሆናል።

በዚህ ላይ ለብክነት ሃያ በመቶ እጨምራለሁ፤ ወደ 610 ይደርሳል። እንግዲህ ትርፍ አለው ያሉት ኪት በወረቀት ላይ እንኳ አይበቃም። በኪቱ ላይ የተጻፈው 600 የሚገኘው ኬሚካሉም የሚረጨው ቦታም በሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲሆኑ፣ አረጫጨቱም ሳይቋረጥ ሲሄድ ነው። በጆይስቶች መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ሲሠራ እጅ ደጋግሞ ይቆማል፤ የመርጫው አፍንጫ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሥራ ከፈታ ውስጡ ያለው ፎም ስለሚደርቅ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል።

ጆይስቶቹ በየ16 ኢንቹ 1.5 ኢንች ይይዛሉ ብለው እንዲቀንሱ የሚመክርዎት ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ አልቀንስም፤ ፎሙ በየማዕዘኑ ወደ ጆይስቱ ጎን ስለሚወጣ የተቀነሰው መልሶ ይሞላል።

መልስ 2፦ የቤት ኢነርጂ መርማሪ

ከላይ በተሰጠው እርማት እስማማለሁ። ነገር ግን ከስፋቱ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ውፍረቱ ነው። በ2 ኢንች ፋንታ ሳይታወቅ 2.5 ኢንች ቢረጩ የፎሙ ፍጆታ በሃያ አምስት በመቶ ይጨምራል፤ 254 ካሬ ፉት በ2.5 ሲባዛ ያለ ምንም ብክነት 635 ቦርድ ፉት ነው። ፎም ደግሞ ከተረጨ በኋላ ስለሚያብጥ በዓይን መገመት ያሳስታል። በቀጭን ሽቦ ላይ 2 ኢንቹን ምልክት አድርገው፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍተቶች ላይ ፎሙ እንደደረቀ እየወጉ ይለኩ፤ እጅዎ የሚለምደው በዚያ ነው። በአንድ ጊዜ ከ2 ኢንች በላይ አይደርቡ፤ ክሎዝድ ሴል ፎም ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት በወፍራም ድርብርብ ውስጥ ታፍኖ ፎሙን ሊያቃጥለው ይችላልና።

ሁለተኛው ነገር የሙቀት መጠን ነው። ሲሊንደሮቹ በቀዘቀዘ ጋራዥ ካደሩ ኬሚካሉ በሚገባ አይቀላቀልም፤ ፎሙም ሳያብጥ ቀርቶ ከተጻፈው ልክ በታች ይወጣል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ከ70 እስከ 85 ፋራናይት ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በሳጥኑ ላይ ታትሟል። ሲሊንደሩ ውስጡ እስኪሞቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በሞቀ ክፍል ይቆይ። የሚረጨው እንጨትም መቀዝቀዝ ስለሌለበት፣ በሚኒሶታ ይህን ሥራ በጥር ወር መጀመር አይመከርም።

የእኔ ዋና ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ ለክሮል ስፔሱ ግድግዳ ፎም ለምን ይረጫሉ? ስፕሬይ ፎም ዋጋውን የሚያወጣው እንደ ሪም ጆይስት ባለ፣ ማዕዘኑና ስንጥቁ በበዛበት ቦታ ነው። ከቤት ውስጥ የሚወጣው እርጥብ አየር በቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውሃ ሆኖ እንዳይቀመጥና እንጨቱን እንዳያበሰብስ የሚያደርገው፣ ፎሙ አየሩን ስለሚዘጋ ነው። እንደ ጥጥ ያለው የፋይበርግላስ መከላከያ ብቻውን ይህን አይሠራም። ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግድግዳ ግን ባለ 2 ኢንች ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይበቃዋል። 4 ፉት በ8 ፉት የሆነው ሰሌዳ 32 ካሬ ፉት ስለሆነ፣ በስፋት ቢሰላ 4 ሰሌዳ 114ን ይሸፍናል። ሆኖም ግድግዳው 3 ፉት ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ላይ ባለ 1 ፉት ቁራጭ ይተርፋል፤ ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ስፌት ከሚያበዙ 5 ሰሌዳ ይግዙ። ያን ጊዜ የሚረጨው ሪም ጆይስቱ ብቻ ይሆናል፤ 280 ቦርድ ፉት፣ ከብክነቱ ጋር ወደ 335።

የ2 ኢንች ክሎዝድ ሴል ፎም አር ቫልዩ (ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙ) ወደ 12 ወይም 13 ይጠጋል። ለአገሩ ብርድ ያንሳል ካሉ፣ በላዩ ላይ ሚኒራል ዉል (ከድንጋይ ክር የተሠራ መከላከያ) መጨመር ሌላ ኢንች ፎም ከመርጨት ይረክሳል።

መልስ 3፦ እህታችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ መጠኑ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ ጤናና ስለ እሳት ልጨምር። በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም ሊያመጣ የሚችል ኬሚካል ነው። ተራ የአቧራ ጭንብል አይከላከለውም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንትና ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። በሚረጭበት ጊዜና ከዚያም በኋላ አምራቹ እስከሚፈቅድበት ሰዓት ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት፣ መከላከያ ያልለበሰ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ። የፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) አየር ማዞሪያ ይጥፋ፤ አለበለዚያ ትነቱን ወደ ላይኛው ፎቅ ያደርሰዋል። የውሃ ማሞቂያው ላይ የሚነድ የጋዝ ነበልባል ካለ እሱም ይዘጋ።

አብዛኞቹ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤቶች ሞዴል ኮድ ፎም በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) እንዲሸፈን ያዛል፤ በሪም ጆይስት ላይ ግን መስፈርቱን ያሟላ ፎም እስከ 3.25 ኢንች ውፍረት ሳይሸፈን እንዲቀር ይፈቅዳል። በክሮል ስፔስ ውስጥ ለሚለጠፈው ሰሌዳ ሌላ ደንብ ስላለ፣ ከመግዛትዎ በፊት የከተማውን የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ይጠይቁ።

ባለቤቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክሮል ስፔሱን ግድግዳ በሰሌዳ ለማድረግ ወስኛለሁ። እንግዲህ 335 ቦርድ ፉት ከሆነ ባለ 600 አንድ ኪት ይሻላል ወይስ ባለ 200 ሁለት?

አናጢ ከዴንቨር

በቦርድ ፉት ሲታሰብ ትልቁ ይረክሳል፤ ለእርስዎ ግን ሁለቱን ትናንሾች እመርጣለሁ። የሚተርፈው ወደ 65 ቦርድ ፉት የሰሌዳዎቹን ጠርዝና መገጣጠሚያ ለመድፈን ይጠቅማል። የተከፈተ ኪት ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ሁለት ከሆኑ ግን አንዱን ቅዳሜ ረጭተው ምን ያህል ፉት እንደሸፈነ ይለካሉ፣ ሁለተኛውን የሚከፍቱት የራስዎን እጅ ፍጆታ ካወቁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ኪት 78 ፉት ካልሸፈነ ሁለተኛው የቀረውን እንደማይጨርስ ያውቃሉ። ሲገዙ በሳጥኑ ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይመልከቱ፤ ሱቁ ያልተከፈተ ኪት እንደሚመልስም አስቀድመው ያረጋግጡ። አፍንጫም በሳጥኑ ውስጥ ካለው በላይ ጨምረው ይግዙ።