ለሮቦት ድምፅ ማይክ አይመረጥም?

ባለኪቦርዱ፦
ቅዳሜ ሠርግ ላይ ሳውንድ የያዘው ሰው የተናገረኝ ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ማይክሮኮርግ በሚባለው ኪቦርዴ ላይ የምትሰካው አንገቷ የሚጠመዘዝ ማይክ ቃል አላወጣ ብላኛለች፣ የተሻለ ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ለሮቦት ድምፅ ደግሞ ምን ማይክ ይመረጣል!» አለኝ። በዚያው ምሽት በቮኮደር፣ ማለትም ኪቦርዱን በአፌ ቃል በሚያናግረው መሣሪያ፣ «ሙሽራው መጣ» ስል አዳራሹ የሰማው «ሙሽራው መታ» ነው። የሙሽራዋ አክስት ዞር ብለው አዩኝ። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማይኩ መቀየር አለበት ባይ ነኝ።

ሳውንድማን፦
እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ቮኮደር የራስህን ድምፅ አያሰማም። ከማይኩ የሚወስደው የድምፁን ቅርጽ ብቻ ነው። ማይክሮኮርግ ድምፅህን ከወፍራም እስከ ቀጭን በ8 ክፍል ይከፍለዋል። የእያንዳንዱን ክፍል ጉልበት እየለካ ሲንቱን፣ ማለት የኪቦርዱን ድምፅ፣ በዚያ ልክ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የማይክህ ውበት የት ይገኛል? ገንዘብህን አታባክን።

የዲሲው ልጅ፦
ስለ ውበት ማን አወራ? ልጁ የጠየቀው ስለ ቃል ነው። ያቺ ማይክ ኮንደንሰር ናት፣ ትንሹን ድምፅ ሁሉ የምትይዝ ዓይነት። ቁልፎቹ አጠገብ ቆማ ሞኒተሩንም (ለተጫዋቹ የሚያሰማውን ስፒከር)፣ ከበሮውንም፣ የጣቱንም ኳኳታ ትለቅማለች። ቮኮደሩ ደግሞ የገባለትን ሁሉ እንደ ንግግር ነው የሚቆጥረው። ቤት ውስጥ ጥሩ ናት። ሠርግ ላይ አትሆንም። ኤስኤም 58 ግዛ፣ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ መድረክ ላይ ያለ ማይክ ነው። ከፊቱ ያለውን ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን በብዛት ይተዋል። አፍህን አስጠግተህ ዝፈን። ግን አስመስለው የሠሩትም ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ከምታምነው ሰው ግዛ።

ባለኪቦርዱ፦
58ማ ተውሼ ሞክሬ ነበር። ጭራሽ ድምፅ የለም።

ጋሼ ሽቦ፦
ልጄ፣ ማብሪያዎቹን አይተሃቸዋል? አንዱ ማይክና ላይን ይላል፤ ላይን ከሚክሰር ለሚመጣ ጠንካራ ድምፅ ነው። ሌላው ኮንደንሰርና ዲናሚክ ይላል፤ 58ቱ ዲናሚክ ነው። ሁለቱንም ካላስተካከልክ የፈለግከውን ማይክ ብታመጣ ዋጋ የለውም። ሰዎች በዚህች ምክንያት ደህና ማይክ ሞቷል ብለው ወደ እኔ ያመጣሉ። 48 ቮልት የሚፈልግ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ደግሞ በቀጥታ አትሰካበት። መሣሪያው ያን ኃይል አይሰጥም። በሚክሰር አሳልፈውና ማብሪያውን ያኔ ላይን ላይ አድርገው።

ባለኪቦርዱ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ላይን ላይ ነበር።

ሳውንድማን፦
ይኸው! ጥፋቱ የማይኩ አልነበረም።

የዲሲው ልጅ፦
አታደባልቅ። ማብሪያው 58ቱ ለምን ዝም እንዳለ ነገረን። «መታ» ከየት እንደመጣ አልነገረንም። «መታ» የመጣው በትንሿ ማይክ ነው።

ሳውንድማን፦
እሱ የቋንቋው ነገር ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እያልን በ8 ክፍል ይለይልን ማለት አይሆንም። አማርኛ ለማሽን አይመችም።

የቴል አቪቧ፦
«አማርኛ ለማሽን አይመችም» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ማሽኑን ለአማርኛ ያላስተካከልነው እኛ ነን። ሆመር ዳድሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቤል ላብስ በሚባለው የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቮኮደርን የሠራው ንግግር በስልክ ሽቦ ለማስተላለፍ ነው። ለሮቦት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ዋሽንግተንና ለንደን በምስጢር የተነጋገሩበት ሲግሳሊ የሚባለው መሣሪያ ንግግሩን የሚከፍለው በ10 ነበር። አሥር ብቻ! ሰው ግን ተግባብቶበታል። ሁለት የድምፅ ምንጭ ነበረዋ። ለ«አ» እና ለ«ኦ» የሚነዝር ድምፅ፣ ለ«ስ» እና ለ«ሽ» ደግሞ እንደ ንፋስ ያለ ሹሹታ። እናንተ ለስላሳ ስትሪንግ ላይ ትዘፍኑና «ጠ» ጠፋች ትላላችሁ። በምን ትውጣ? መጀመሪያ ሲንቱን ሰላ ያለ ድምፅ ስጡት። ከዚያ ኤችፒኤፍ ሌቭል የሚለውን ከፍ አድርጉ። ከማይኩ የሚመጣውን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ለይቶ ይጨምርላችኋል። «ጠ» የምትፈነዳው እዚያ ነው።

የዲሲው ልጅ፦
እህቴ፣ ከማይኩ ይወስዳል ካልሽማ ማይኩ ወሳኝ ነው ማለትሽ ነው!

የቴል አቪቧ፦
አዎ፣ ነው። አይመረጥም መቼ አልኩ? ያን ቀጭን ድምፅ ግን ከ58 ይልቅ ኮንደንሰር ይበልጥ ይይዘዋል። እኔ የምለው ራስ ላይ የሚደረገውን ማይክ፣ ሄድሴት ነው። አፍ አጠገብ ይቆያል፣ ሁለት እጅህም ነጻ ነው።

የዲሲው ልጅ፦
ሄድሴት ኮንደንሰር ከድራም ጎን! ኤችፒኤፉን ከፍ ስታደርጊ ሲምባሉ ሁሉ አብሮ ይገባል። ያኔ «መጣ»ም «መታ»ም አይሰማም።

ዮኒ ቢት፦
ለምን በኦቶቲዩን አትሠሩትም? ያው አይደል?

ጋሼ ሽቦ፦
ያው አይደለም፣ ልጄ። ኦቶቲዩን የራስህን ድምፅ ወስዶ ቅኝቱን ነው የሚያርመው። ቮኮደር ሲንቱን ነው በአንተ አፍ የሚያናግረው። ቶክቦክስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ድምፁ በቱቦ አፍህ ውስጥ ገብቶ በማይክ ይወጣል። ሦስቱን አንድ እያላችሁ ነው እዚህ የደረስነው።

ሳውንድማን፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ተመልካቹ ሦስቱንም ሮቦት ነው የሚለው። እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ባለኪቦርዱ፦
ሮቦት፣ ሮቦት! ተመልካቹ ሮቦት ይበለው። እኔ ቃሉን ካላደረስኩ ለምን እዘፍናለሁ? ያ ሰውዬም «ሮቦት ነው» ብሎ ነው ሞኒተሩን ማይኬ ላይ አዙሮ የተወው። ለዘፋኙ ማይክ ግማሽ ሰዓት ተጨንቋል።

ሳውንድማን፦
ሞኒተሩ ወደ አንተ ዞሮ ነበር? ይሄን መጀመሪያ ለምን አልተናገርክም? እሱ ስህተት ነው። ሰውየውን በዚህ አላግዘውም። ቢሆንም ትሬሽሆልዱን፣ ከሱ በታች ያለ ድምፅ የማያልፍበትን ልክ፣ ትንሽ ከፍ አድርገህ ጫጫታውን መዝጋት ትችል ነበር።

የቴል አቪቧ፦
ካበዛው የቃሉ ጫፍም አብሮ ይቆረጣል። እንደገና «ጠ»ን ልታጠፉ ነው።

የዲሲው ልጅ፦
58 ጠጋ ብለህ ብትይዝ ትሬሽሆልዱን መንካትም አያስፈልግህም። ስንቴ ልናገር?

የቴል አቪቧ፦
አንተ በአንድ ማይክ ምለሃል። በዚህ አንስማማም።

ባለኪቦርዱ፦
ሐሙስ ልምምድ አለን። 58ቱንና አንድ ሄድሴት እዋሳለሁ። ትንሿም ትኖራለች። ድራሙ እየተመታ «መጣ፣ መታ፣ ከበረ፣ ቀበረ» እያልኩ በሦስቱም እቀዳና የማይኩን ስም ሳልናገር እልክላችኋለሁ። የሰማችሁትን ጻፉ።

ሳውንድማን፦
ላከው። ሦስቱም አንድ እንደሚሆኑ ከአሁኑ እነግርሃለሁ።

የዲሲው ልጅ፦
ትንሿን በመጀመሪያው ቃል እለያታለሁ።

ጋሼ ሽቦ፦
ከመቅዳትህ በፊት ማብሪያውን እይ።